ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ወጥቼ ኤንጂኦ ልግባ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ነርስ ነኝ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ በዓይን ጤና ላይ የሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተወዳድሬ አልፌያለሁ። ሥራው ትራኮማ ላይ ነው። መቀመጫዬ ደሴ ሆኖ ደላንታ፣ ተንታና መቅደላ እየተመላለስኩ እንደምሠራ ነግረውኛል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ከእጥፍ በላይ ነው። ውሉ ግን የአንድ ዓመት ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ‹አንቺ ካልሽ› ብሎ ዝም አለ። ኩታበር ያለችው እናቴ ደግሞ ‹የመንግሥት እንጀራ ቢቀጥንም አይቋረጥም፤ እነዚህ ዛሬ መጥተው ነገ ይሄዳሉ› ትላለች። እርስዎ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ከዓምድዎ አንብቤያለሁ። ሥራው በእውነት ምን ይመስላል? በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ። — ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብሽሪ። ገንዘቡን ብቻ ያየ ሰው እንዲህ አድርጎ አይጽፍም።

እናትሽ እውነታቸውን ነው። ድርጅት ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ወሎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሦስት ድርጅቶች ሠርቻለሁ። ሁለቱ ፕሮጀክቶች ሲዘጉ እዚያው ነበርኩ። በአንዱማ የቢሮውን ወንበር ቆጥሬ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ከእናትሽ የምለየው «ስለዚህ ይቅርብሽ» የሚሉት ላይ ነው። እኔ ሂጂ ባይ ነኝ። ግን ከገባሽበት ቀን ጀምረሽ እንደምትወጪ እያሰብሽ ሥሪ። ይህ ቶሎ ስላልገባኝ የበደልኳት ሴት አለች። የእሷን ነገር ልንገርሽ።

ቦታው ደላንታ ነው፤ ከወገል ጤና ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ። ወሩ ኅዳር። የዓይን ፀጉራቸው የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ሰብስበን ቀዶ ሕክምና እናሠራ ነበር። አንዲት እማማ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፀሐይ አያስጠጉም፤ ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ጎትተው መሬት መሬቱን ያያሉ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ታስሯል። ጫፉ ከአገልግሎት ብዛት ያብረቀርቃል። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን የሚወጋውን ፀጉር የሚነቅሉበት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚነቅሉ ብጠይቃቸው «የመጨረሻ ልጄን ጡት ሳስጥል» አሉኝ። የመጨረሻ ልጃቸው አብራቸው መጥታለች። እሷ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልፈጀም። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ የዓይን ቆባቸውን አደንዝዞ ሠራላቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እማማ ቀና ብለው በሩን አዩ። በእጃቸው አልጋረዱም። ዝም ብለው ብርሃኑን አዩት። እኔም ደስ ብሎኝ «እማማ፣ ከእንግዲህ ይቺን ወረንጦ ይጣሏት» አልኳቸው። ከአንገታቸው ፈቷት። ግን አልጣሏትም። «አይ ልጄ፣ ለእሷ ትሁናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው እያሳዩኝ።

ልጅቷን ዞር ብዬ ያየኋት ያኔ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እናቷን ደግፋ አጠገቤ ቆማለች። ዓይኗ ደም መስሎ ያነባል። እኔ ነርሷ ግን አላየኋትም ነበር። «ነይ፣ አንቺም ተሠሪ» አልኳት። «አሁን አጨዳ ላይ ነን፤ ስትመለሱ» አለችኝ። ግንቦት እንመለሳለን አልኳት። ስሟን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። በላክሁት ቅጽ ላይ እናቷ «ሴት፣ 1» ተብለው ገቡ። ላልተሠራ ሰው ቅጹ ቦታ አልነበረውም። ፕሮጀክቱ መጋቢት ላይ ተዘጋ። ግንቦት ሲመጣ እኛ የለንም። ያ ደብተር ዛሬም ቤቴ አለ።

ስሟን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገልብጬ ለመስጠት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ኤክስቴንሽኗ እዚያው ናት። ግንቦትም አለች፣ በዓመቱም አለች። እኔ ግን ሥራው የእኔ መስሎኝ ነበር።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎቼ ስል ግን በሽታውን በአጭሩ ላንሳው። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን በሽታ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ባልከፋ። ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይሆናል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ልጅ የሚያሳድጉት ሴቶች ስለሆኑ በብዛት የሚጎዱትም ሴቶች ናቸው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በጣም ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መከላከያው አራት ነገር ነው። የተቀለበሰውን መሥራት፣ መድኃኒት ማደል፣ ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤትና ውኃ። የሚታደለው አዚትሮማይሲን ነው፤ ፋይዘር በነጻ ይሰጠዋል። መጠኑ የሚወሰነው በኪሎ ሳይሆን በቁመት ነው። ሰዉ ምልክት ባለው ዘንግ ይለካል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣል።

እንግዲህ ሥራው ምን ይመስላል ላልሽኝ። ዓይን የምታዪበት ጊዜ ከሥራሽ ሁሉ ትንሹ ነው። ይህ ብዙ ነርሶችን ያስደነግጣል። ጤና ጣቢያ እያለሽ በሽተኛው ፊትሽ ይቀመጣል፤ አክመሽ ትሸኚዋለሽ። እዚህ ግን ቀንሽ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በመኪና ፕሮግራምና በካርቶን ቆጠራ ያልቃል። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ኃላፊው ስብሰባ ነው ይሉሻል። ከሰዓት ትመለሻለሽ፤ ዞን ተጠርቷል። መድኃኒቱ ደሴ ደርሷል፣ የሚያወጣው መኪና የለም። መኪናው ሲገኝ ነዳጅ የለም። ማታ አልቤርጎ ገብተሽ መብራት ሳይጠፋ ሪፖርትሽን ትሞያለሽ። ስሜቱን አልደብቅሽም፤ መጀመሪያ ሰሞን «እኔ እኮ ነርስ ነኝ» እያልኩ አልቅሻለሁ። ቆይቶ ግን አንዱ የቀን ቀጠሮ በትክክል ሲያዝ ስንት ሰው እንደሚድን ገባኝ።

የቀን ቀጠሮ ስልሽ ቀላል እንዳይመስልሽ። ዕቅዱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ በልግ አያርስም። የኛ ደጋ በበልግ የሚኖር አገር ነው፤ ዝናቡ በጣለ ሳምንት ሰው ሰብስቢ ብትባይ ቀበሌው ባዶ ነው። የገበያ ቀንም እንደዚያው። ባቲ ላይ ሰኞ ክኒን ለማደል የወጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ገበያ የወረደ ሕዝብ ነው የሚጠብቀው። ረመዳን ደግሞ አለ። መድኃኒቱ እዚያው ፊትሽ መዋጥ አለበት፤ የጾመ ሰው ቀን ክኒን አይወስድም። ኦርቶዶክሱም በዐቢይ ጾም እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ አይቀምስም። በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው ካቅለሸለሸው ወሬው በአንድ ቀን ሦስት ቀበሌ ይደርሳል። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ሼሁንም ቄሱንም ጠይቂ። የቅሬውን፣ የዕድሩን ማለቴ ነው፣ ዳኛም ጠይቂ። ቅሬ ላይ የተነገረ ነገር በድምፅ ማጉያ ከተለፈፈው ይበልጥ ይሰማል። ይህንን ሁሉ ለአለቆችሽ በጽሑፍ አስታውቂ። ለዚህም ነው ወሎዬ ነርስ የሚቀጥሩት፤ ዝም ካልሽ ለምን ቀጠሩሽ?

አንድ ሌላ ነገር። የኛ ሰው እንግዳ ፊት እንቢ ማለት ይከብደዋል። «እሺ» ይልሻል፣ ይመርቅሻል፣ ቡና ያፈላልሻል። እሺ ያለሽ ግን እንዳታፍሪ ብሎ ሊሆን ይችላል። ለስብሰባ ተብሎ ከተሰበሰበ ሰው እውነተኛውን ነገር አታገኚም። ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው ላይ ነው የሚወጣው። «ባለፈው የመጡት እኮ መጸዳጃ ቤት አስቆፍረውን ክዳኑን ሳያመጡ ቀሩ» የሚል ቃል የሰማሁት እንደዚያ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አቦሉን ጠጥተሽ መኪና ውስጥ አትግቢ።

የእናትሽ ንግግር ከየት እንደመጣም አስቢ። ወሎ ውስጥ እርዳታ ሲባል ትልልቆቹ የሚያስታውሱት 77ን ነው። ቆቦን፣ ኮረምን፣ የሰልፉን ርዝመት። ካሜራው ሲመጣም ሲሄድም ያዩ ሰዎች ናቸው። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ጤና ጣቢያዎቻችን ሲዘረፉ አንቺም አይተሻል። ያን ጊዜ ሰው የቆጠረው ማን ተመልሶ እንደመጣ ነው። ድርጅቱ የመኪናው በር ላይ የለጠፈውን ምልክት ማንም አያስታውሰውም። «ያቺ ነርሷ» ብለው አንቺን ነው የሚያስታውሱት።

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ። ደሞዝሽ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ አትፈሪ፣ አትሸማቀቂ። ቤት ኪራይና የልጅ ወተት በጽድቅ አይከፈልም። ግን በዚህ ሥራ ሰው የሚወድቀው በደሞዝ ሳይሆን በአበል ነው። ሥልጠና ትጠሪያለሽ። ሠልጣኞቹ ገና አዳራሽ ሳይገቡ «አበሉ ስንት ነው?» ይሉሻል። በዚህ አትዘኚባቸው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእግሯ ሦስት ሰዓት ተጉዛ መጥታለች፤ ያቺ አበል ለልጇ ጫማ ናት። ችግሩ የመፈረሚያው ወረቀት ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ኃላፊዬ ያልመጡ ስምንት ሰዎች መጥተዋል ተብሎ እንዲፈረም ጠየቀኝ። ‹በጀቱ ሰኔ 30 ተመላሽ ከሚሆን› አለኝ። እንቢ አልኩ። አልጮኸብኝም፤ ውሌ ሲያልቅ ግን አልታደሰም። አራት ወር ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ቢደገምም እንቢ እላለሁ። አንቺም ለሌላ ሰው አትፈርሚ፣ ባዶ ወረቀት ላይም አትፈርሚ፣ የፈረምሽውን ሁሉ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

ከገንዘብ የባሰው የቁጥር ውሸት ነው። የመድኃኒት ዕደላ ሽፋኑ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆን ይጠበቃል። 71 ይዘሽ ብትመለሺ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ሰዉ 83 ብሎ ይሞላል። ማን ቤት ለቤት ሄዶ ያያል? ግን ጊዜው ደርሶ ጥናት ሲመጣ ቅጽሽን አይጠይቁም። የሕፃናቱን ቆብ ገልብጠው ነው የሚያዩት። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች ንቁ ትራኮማ ያለባቸው ከ5 በመቶ በታች ካልወረዱ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ያኔ አምስት ዓመት 83 ሲል የኖረ ወረዳ ለምን እንዳልዳነ የሚመልስ ይጠፋል። 71 ከሆነ 71 ብለሽ ጻፊ፤ ከሥሩ የቀሩት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደቀሩ ጨምሪበት። ለቀጣዩ ዙር ከምንም በላይ የምትጠቅም ያቺ መስመር ናት።

ወደ ውልሽ ልመለስ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ምን እንደሆነ ሳታዪ አትቀሪም። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል በአገራችን ተቋርጧል። ብዙዎቹ ጎበዝ ሠራተኞች ነበሩ። ጥፋታቸው አንድም የለም። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት አፍረሽ ሳትተዪ ጠይቂ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ከአንድ ለጋሽ ነው ወይስ ከብዙ? የሚያልቀው መቼ ነው? ከውሉ በፊት ቢዘጋ ስንት ቀን ቀድመው ያሳውቁኛል? ድርጅቱ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ውልሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመራ መሆኑንም አረጋግጪ። በዚያ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድሽ 16 የሥራ ቀን ነው፤ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ጡረታሽም እንዳይቋረጥ። ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ መግባቱን ተከታተይ። «በእጅሽ እንስጥሽ» ካሉሽ እንቢ በይ።

ከመንግሥት ስትወጪ ደግሞ መልቀቂያሽን በእጅሽ ሳትይዢ ቢሮሽን ለቀሽ አትሂጂ። በስልክ «ችግር የለም» ያለሽ ኃላፊ ነገ ሊቀየር ይችላል። ከጭማሪው ላይ የስድስት ወር ወጪሽን እስክትሞዪ ድረስ በየወሩ አስቀምጪ። ሶፋ አትቀይሪ። ይህን የምልሽ አራቱን ወር ስለማውቃቸው ነው።

ልጅሽን በተመለከተ ግን አጥብቄ የምነግርሽ አለ። ከወር ግማሹን ፊልድ ነሽ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ለሦስት ቀን የወጣሽበት ሰባት ቀን ይሆናል፤ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። የሁለት ዓመት ልጅ ይህንን አታውቅም። እናትሽ ኩታበር ስለሆኑ ዕድለኛ ነሽ፤ ቅርብ ነው። ግን ልጅሽን ከመውሰድሽ በፊት እናትሽን በደንብ አነጋግሪያቸው። ሥራሽን ካልደገፉት ልጅሽን እያሳደጉ በልባቸው ያዝናሉ። የባለቤትሽን «አንቺ ካልሽ» ደግሞ እሺታ አድርገሽ አትውሰጂው። ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ብታተኩስና አንቺ አጅባር ብትሆኚ እሱ ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ለማን ይደውላል? ጠዋት ማስተማሩን ማን ይሸፍንለታል? ከዚህ መልስ ነው ልቡ የሚታወቀው። መንገዱ ሰላም ባልሆነ ቀን ደግሞ አትውጪ። የትኛውም ሪፖርት ሳምንት ቢዘገይ ሰው አይሞትበትም።

የድሮ ባልደረቦችሽም አሉ። ትናንት አብራችሁ አዳር የገባችኋት ልጅ ነገ ከላንድክሩዘር ስትወርጂ ታይሻለች። «ኤንጂኦ ገባች» ይባልልሻል። ቅናት አይደለም፤ ያንኑ በሽተኛ እያከመች ግማሽሽን ነው የምታገኘው። እሷ ጋ ስትሄጂ ልትቆጣጠሪ የመጣሽ አትምሰይ። ወንበሯ ላይ አትቀመጪ። መዝገቡን ከመጠየቅሽ በፊት ጓንት አላቸው ወይ፣ ውኃ ይመጣል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካለሽ ነገር አካፍያቸው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንት በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በሦስትና በስድስት ወር መካከል መታየት አለበት፤ ቆቡ መልሶ የሚቀለበስበት አለና። ያንን የስድስት ወር ቀጠሮ የምታይልሽ እሷ ናት። አንቺ ያኔ ላትኖሪ ትችያለሽ።

ሥራው የሚያምርበትን ቀን ሳልነግርሽ መቅረት የለብኝም። ጤና ጣቢያ ሆነሽ የታመመ ሰው ይመጣልሻል። እዚህ ሆነሽ ግን መምጣት የማይችለውን ታገኚዋለሽ። ከመንገድ አራት ሰዓት ርቆ፣ ጓዳው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ «እርጅና ነው» ብሎ የተወውን ሰው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን ይታከማል ሲባል ሰምቶ የመኪና መሳፈሪያ ያጣውን። ለዚያ ሰው መንገዱን የምታሳጥሪው አንቺ ነሽ። አሥራ አንዱን ዓመት ያቆየኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን አሁኑኑ በጽሑፍ ላኪላቸው። በደንብ የሚሠራ ድርጅት በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ ከተከፋ ያ ራሱ መልስ ነው። ቅዳሜ ኩታበር ውጪና እናትሽን አነጋግሪ። ከገባሽ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ደብተር ግዢ። አንዱ ለራስሽ ይሁን። ሁለተኛው ቀበሌው ላይ፣ ከኤክስቴንሽኗ መሳቢያ የሚቀር ይሁን። ላልተሠሩት፣ «ስትመለሱ» ላሉሽ፣ አጨዳ ላይ ላሉት ስማቸውን እሱ ላይ ጻፊ። ደላንታ ስትደርሺ ደግሞ አንድ አደራ አለብኝ። አድራሻሽን ላኪልኝና የዚያችን ልጅ ስምና ቀበሌዋን ከደብተሬ ገልብጬ ልስጥሽ። ካልተሠራላት ፈልገሽ አግኚልኝ።